አደ ሎሚን የሚጠብቁ ሰዎች

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ማለዳ በሰፈሩ ሲያልፍ፣ የሞተውን ሰው ስም ጠርቶም ጥያቄ አያጣውም። "የትኛዋ? የወፍጮ ቤቷ ናት ወይስ ከድልድዩ ማዶ ያለችው?" እያለ ሰው ከየበሩ ብቅ ይላል። ባለፈው ኅዳር "አደ ሎሚ አርፋለች" ሲል ግን ማንም አልጠየቀም። ሱሉልታ ውስጥ ሎሚ የሚባሉ ሴቶች ሞልተዋል፤ የትኛዋ እንደሆነች ለሁሉም ገባው። ጥሩምባ ነፊው ራሱ የቀብሩን ሰዓት ሳይናገር ሰፈሩን ጨርሶ፣ ከአስፋልቱ ተመልሶ መጥቶ ነው "ስድስት ሰዓት፣ ማርያም" ያለን።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ያደረገችለትን ያወራ ነበር። አንዷ እናቷን ሰባት ወር እንዳጠበችላት፣ አንዱ የአባቱን የጀርባ ቁስል እንዳዳነችለት። እኔ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። አንዱ ተናግሮ ባበቃ ቁጥር "ለኔ ካደረገችው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" እያልኩ በልቤ እለካ ነበር። በሞተ ሰው ላይ ይቀናል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ይቀናል። በሕይወት ሳለች ለዓመታት ቀንቼባታለሁ። ስትሞት ወዲያው የሚቆም መስሎኝ ነበር፤ አልቆመም።

ሎሚ እኩያዬ ናት። ሰው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ "አደ" እያሉ በአክብሮት ስለሚጠሯት እኔም እንዲሁ እላት ነበር። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የወንድ ሹራብ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቅልላ የምትለብስ ሴት ናት። ባሏ ድርቆሽ ነጋዴ ነበር፤ ቀድሟት ሞቷል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ዓረብ አገር ናቸው። ሁለት ላሞች ነበሯት። ጠዋት ወተቷን ለደንበኞቿ አድርሳ፣ ከሰዓት በኋላ ከአልጋ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ቤት ትዞራለች። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ አንሶላቸውን ትቀይራለች። በሽተኛው ወንድ ከሆነ ሚስቱ ወይም ልጁ አብራት ትቆማለች። ለዚህ ሥራ ማንም ቀጥሯት አያውቅም፤ ሰው ጠርቷት የሄደችበትም ጥቂት ነው። "እገሌ ተኝቷል አሉ" ሲባል ትሰማለች፤ በማግስቱ ጎማ ጫማዋ በዚያ ሰው በር ላይ ወልቆ ይታያል።

እንደገባች ሥራ አትጀምርም። አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥና እጆቿን ብብቷ ውስጥ ትከታለች፤ እስኪሞቁ ነው። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እስኪሞቁላት ወሬ ታወራለች። ላሟ ስለረገጠቻት፣ የጎረቤት ፍየል የተሰጣ ቀሚስ ስለመብላቷ። ከዚያ በሽተኛውን "ከየት ልጀምር?" ብላ ትጠይቀዋለች። መናገር የማይችለውንም ትጠይቃለች። በዓይኑም ይሁን በጣቱ አንድ ነገር እስኪያሳያት ድረስ ፎጣውን ውሃ ውስጥ አትነክርም።

አንድ ቀን፣ "መልስ እንደማይሰጥሽ እያወቅሽ ለምን ትጠይቂዋለሽ?" አልኳት።

"ሰው ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ዕቃ ማንሳት አለ እንዴ?" አለችኝ። "ገላውም ቤቱ ነው። ጌታችን ራሱ እዚያ አልጋ ላይ ቢተኛ ሳልጠይቀው ላገላብጠው ነው?"

ይህን ስትል ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። የላሟን ወሬ በምታወራበት ድምፅ ነው ያለችው። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር መናገር ቢኖርብኝ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር።

ቅናቴ የጀመረው በማኅበራችን ነው። በየወሩ ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር አለን። እኔ ማዘጋጃ ቤት በታይፒስትነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ጸሐፊነቱ የኔ ነበር። የታመሙትን የምንጠይቅበትን ተራ በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ፣ በላስቲክ አስለብጬ፣ ለየአባሉ አድያለሁ። አራት አራት ሆነን ሙዝና ጭማቂ ይዘን እንሄዳለን። ወንበር ተሰልፎ ይጠብቀናል። "እግዜር ይማርዎት" እንልና እንቀመጣለን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በበሽተኛው ራስ ላይ ስለ መሬት ሊዝና ስለ ሰው ልጅ ሰርግ እርስ በርሳችን እናወራለን። ስንወጣ ግዴታችንን የተወጣን ያህል ቀለል ይለናል።

ኦቦ ጉርሜሳ የሚባሉ የቀድሞ የጋሪ ነጂ በስኳር በሽታ እግራቸው ቆስሎ ተኝተው ነበር። ተራችን ደርሶ ከማኅበሩ ሰብሳቢ ከወይዘሮ የሺ ጋር ሄድን።

"እንዴት ነዎት ኦቦ ጉርሜሳ?" አለች የሺ።

"ደህና ነኝ። ሎሚ መቼ ነው የምትመጣው?"

"እኛ መጥተናል እኮ።"

"አይቻለሁ። ሙዙን እዚያ አስቀምጡት።"

መንገድ ላይ የሺ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ "አልማዝ፣ ከዝርዝርሽ የኛን ስም አጥፊና ሙዙን ብቻ ጻፊው" አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። እቤቴ ገብቼ ሰንጠረዡን እንደገና ሠራሁት። ሎሚን ተራ ውስጥ አስገባኋት፤ የሷ ተራ ጥር ላይ እንዲውል አደረግሁ። ተራዋ ያልሆነ ቀን እንዳትሄድ መሆኑ ነው። ለምሕረት ተራ አወጣሁለት ማለት ነው፤ ያኔ ግን ሥርዓት ያስያዝኩ ነበር የመሰለኝ።

ሎሚ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ገልብጣ አየችውና፣ "ምን ይላል?" አለችኝ።

"ያንቺ ተራ ጥር ነው ይላል።"

"እስከ ጥር ኦቦ ጉርሜሳን ማን ያጥባቸዋል?"

"ተራው የደረሰው።"

"እሺ" አለች። ወረቀቱን አጥፋ ሹራቧ ኪስ ከተተችና በዚያው ከሰዓት ወደ ኦቦ ጉርሜሳ ቤት ሄደች። የመከራከር ሐሳብ እንኳ አልነበራትም። ያ ነበር ያበገነኝ።

ከዚያ ባሌ ታመመ።

ታደሰ የወተት መኪና ሹፌር ነበር። የተወለደው ጫንጮ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ በሃያ ሁለት ዓመቴ ለሥራ መጥቼ አገባሁት። ልጅ አልሰጠንም፤ ስለዚህ በቤታችን የሚሰማው የሁለታችን ወሬ ብቻ ነበር። ታደሰ ደግሞ ወሬ ይችላል። መንገድ ላይ ያገኘውን ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ፣ የረዳቱን ውሸት ሁሉ፣ ቤት አምጥቶ ይተርክልኛል። አርባ ዓመት ያህል በአማርኛ አወራን። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር በኦሮምኛ ሲያወራ እኔ ፈገግ ብዬ እቀመጥ ነበር። ከሰላምታና ከገበያ ዋጋ በቀር አልያዝኩም። እሱ አላስገደደኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የሚያስፈልገኝ ሁሉ በአማርኛ የሚመጣልኝ ሴት ነበርኩ።

በጥቅምት ወር ግማሽ ጎኑ ተመታ። ሁለት ሳምንት ድምፅ የሚባል አልወጣውም። በሦስተኛው ሳምንት አፉ ሲፈታ በኦሮምኛ ብቻ ሆነ። እኔ የምለው ይገባው ነበር፤ ከዓይኑ ያስታውቃል። መልሱ ግን በማላውቀው ቋንቋ ይመጣል። ሐኪሙን "አማርኛው የት ሄደ?" አልኩት።

"ሕፃን ሆነው የተማሩት ነው የተረፋቸው" አለኝ። "ሌላው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።"

አልተመለሰም። "እሺ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረችው፤ እሷንም ሲሰለቸው ነው የሚላት።

ሎሚ ከሆስፒታል በተመለስን በማግስቱ መጣች። አልጠራኋትም። ጎማ ጫማዋን በረንዳ ላይ አውልቃ ገባች፤ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ በኦሮምኛ ወሬ ጀመረች። እኔ ውሃ ላሞቅ ጓዳ ነበርኩ። ታደሰ ሳቀ። አፉ ተጣሞ እንኳ የራሱ ሳቅ ነበር፤ ያ የወተት መኪናው ሳቅ ነው። ድስቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰው በዚያች ሰዓት እግዚአብሔርን ማመስገን ነበረበት። እኔ ያሰብኩት፣ ከኔ ጋር ለምን አልሳቀም ብዬ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ስታጥበው ነውሩን የሚሸፍነውን አንሶላ የምይዘው እኔ ነኝ። እነሱ ያወራሉ፤ እኔ አንሶላ እይዛለሁ።

"ምን አለሽ?" እላታለሁ።

"ስለ እናታቸው ላም ነው። ባለ አንድ ቀንድ ነበረች አሉኝ።"

አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ያቺን ላም አላውቃትም። ሎሚ በሁለተኛ ሳምንቷ አወቀቻት። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ እጇ በረኪና በረኪና የሚል፣ አንድ ጥርሷ የወለቀ ሴት ነበረች፤ እንደ ኮረዳ ነበር የምቀናባት። ከማክሰኞ ጀምሮ ዓይኑ በሩ ላይ ይሆናል። ሾርባ ሳጎርሰው እንኳ ከትከሻዬ በላይ ነበር የሚያየው።

በፋሲካ ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ፣ ሎሚ አንኳኩታ ሳትጨርስ የቆርቆሮውን በር ከፈትኩና ቆምኩባት።

"ተኝቷል" አልኳት።

ከውስጥ "ሎሚ!" ብሎ ተጣራ። ጮክ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ። ሁለታችንም ሰማን። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል፤ በሩን ግን አልለቀቅሁም። ሎሚ አየችኝ። ከዚያ የያዘችውን ወተት ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች።

"እሺ፤ ሲነቁ መጥታ ነበር በያቸው" አለችና ሄደች።

ቅዳሜ መጣች፤ "ሐኪም እንግዳ አይብዛበት ብሏል" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ወተቱን ድንጋዩ ላይ እያስቀመጠች ትመለስ ነበር። ሦስት ሳምንት። እኔው አጠብኩት። ፍቅሬን ላሳይ ስል እየቸኮልኩ፣ እየጠረግሁ፣ እየገለበጥኩ። ታደሰ አንዲት ቃል ይደጋግምብኝ ነበር። አንዲት አጭር ቃል፤ ባጠብኩት ቁጥር። ወጥቼ የጎረቤት ልጅ ብጠይቅ ትነግረኝ ነበር። ባሌ ምን እንዳለኝ ሰው እጠይቃለሁ? አልኩና ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዳሌው ላይም ቁስል ወጣ።

ያኔ ወደ ሎሚ በረት ሄድኩ። እበት እየዛቀች ነበር።

"ነይልኝ" አልኳት።

"ልብሴን ልቀይር" አለች። ሌላ አንድ ቃል አልተናገረችም። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር፤ ብትቆጣኝ እኩል እንሆን ነበር።

ቁስሉ በሎሚ እጅ ደረቀ። ታደሰ ግን እየደከመ ሄደ። በሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አጥባው ስትጨርስ፣ ረጅም ንግግር ተናገረ። እሷን አይደለም የሚያየው፤ እኔን ነው። ዓይኔን እያየ፣ እያረፈ፣ እየቀጠለ።

"ምን አለ?" አልኳት።

ሎሚ አንሶላውን ወደ ላይ ሳበችለት። "ደክሞኛል ነው የሚሉት።"

"ይህ ሁሉ ደክሞኛል ነው?"

"ደክሞኛል ነው፣ አልማዝ።"

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ውሃ በማንኪያ ስሰጠው አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ሰው የሚያስታውሰው የሟቹን መልክ ነው ይባላል። እኔ ጋ የቀረው የዚያ ንግግር ዜማ ነው። ቃሉን አላውቀውም፤ የት ላይ ከፍ እንዳለ፣ የት ላይ እንደተነፈሰ ግን አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራ ስበላም፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜም፣ ያው ዜማ ይመላለስብኝ ነበር። ሎሚ በየሳምንቱ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ ታውቀዋለች፤ አልጠይቃትም። የባሌ የመጨረሻ ቃል እሷ ዘንድ ተቀምጧል፤ ስጪኝ ብዬ እጄን መዘርጋት አቃተኝ።

ባለፈው መስከረም ሎሚ ራሷ ተኛች። ጉበቷ ነው አሉ። ከተማው ያለ አንዳች ዝርዝር ተራ ገባላት። ኦቦ ጉርሜሳ እንኳ በአንድ እግራቸው በክራንች መጥተው በሯ ላይ ይቀመጡ ነበር። "ምን ላድርግ፤ እጄ ለማጠብ አይሆን፤ ዝንብ አባርራለሁ" ይላሉ። የማክሰኞን ከሰዓት እኔ ወሰድኩ። በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሁለታችን ብቻችንን ነበርን። ክንዷን እያጠብኩ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"አደ ሎሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"አውቄዋለሁ። እስካሁን መቆየትሽ ነው የገረመኝ።"

"ታደሰ ያን ቀን ምን አለ?"

ጣሪያውን አየች። ከንፈሯ ደርቆ ነበርና ውሃ አጠጣኋት።

"'ይህችን ሴት ቋንቋዬን አስተምሪያት፤ ከሷ ጋር ማውራት ናፈቀኝ' ነው ያሉት። የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሉኝ ነበር። 'ብልህ ናት፣ ቶሎ ትይዛለች፤ ለመብሉና ለመታጠቢያው የሚሆን ትንሽ ትንሽ አሳያት' ይሉኝ ነበር።"

ፎጣው እጄ ላይ ነበር። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትማሪያለሽ።"

"እና?"

"ከተማርሽማ እኔን ለምን ይጠብቁኛል?" አለች። ዓይኗን ከጣሪያው አላነሳችም። "አልማዝ፣ ላሞቹን አስገብቼ በሬን ስዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው የለኝም። አንቺ ቤት ግን አንድ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ በሩን ያይልኛል። እሱን መልቀቅ አቃተኝ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው እል ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ለሱ ብዬ ይሆናል፤ ያቺን ግን ለራሴ ነው የያዝኳት። ለንስሐ አባቴም የነገርኳቸው ትናንት ነው። ላንቺ ሳልናገር እንዳልሞት አሉኝ።"

ፎጣውን ስጨምቅ ቀጠለች። "አንቺ ከበር የመለስሽኝ ሦስት ሳምንት ነው። እኔ በሩ ውስጥ ገብቼ ስምንት ወር መለስኩሽ።"

ፎጣውን ሳፋው ውስጥ ጣልኩና ወጣሁ። ክንዷን እንኳ አላደረቅሁላትም። ኦቦ ጉርሜሳ በር ላይ "ጨረስሽ?" ሲሉኝ አልመለስኩላቸውም።

ሁለት ቀን ከቤቴ አልወጣሁም። ቁጣው ይገባኛል፤ ቁጣ ብቻ ግን አልነበረም። መጻፍ ካለብኝ ልጻፈው፦ ደስታም ነበረበት። ሰው ሁሉ ቅድስት የሚላት ሴት፣ እኔ የምቀናባት ሴት፣ ለካ እሷም በኔ ቦታ ላይ ዓይኗን ጥላ ነበር። ሚስት መሆኔን፣ በሬ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው መኖሩን። በሁለተኛው ቀን ደስታው ጠፋ። በመስኮቴ ሥር የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚያወራው ያንኑ ቋንቋ ነበር፤ ጎመን ሻጯ፣ የባጃጁ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት። ሎሚ ስምንት ወር ዘጋችብኝ እሺ፤ የቀረውን አርባ ዓመት ማን ዘጋብኝ?

ዓርብ ሄድኩ። የሌላ ሰው ተራ ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩት።

"መጣሽ" አለች ሎሚ።

"መጣሁ።"

"ተቆጥተሻል?"

"አዎ።"

"እሺ። እየተቆጣሽ እጠቢኝ፤ ውሃው ይቀዘቅዛል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታስተምረኝ ጀመር። ሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ደብተር ይዤ ሄጄ ነበር። "ተዪው" አለችኝ፤ "የተኛ ሰው ደብተርሽን ገልጠሽ እስክትፈልጊ አይጠብቅሽም። በአፍሽ ያዢው።" እያጠብኳት፣ ገላዋን እየነካሁ ነበር የምማረው። ቢሻን ውሃ ነው። ሲ ዱኩባ ያምሻል ወይ ነው። ኮቱ ነይ ነው። ስሳሳት ትስቃለች፤ ስትስቅ ሆዷን ስለሚያማት "አታስቂኝ" ትለኛለች። አንድ ቀን ጀርባዋን ሳሻት "ሱታ" አለችኝ። እጄ ቆመ። ታደሰ በሦስቱ ሳምንታት ይደጋግምብኝ የነበረው ቃል ነው።

"ምን ማለት ነው?"

"ቀስ" አለች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቼ ይሆናል። ከዚያ ሎሚ ጣቷን ክንዴ ላይ አድርጋ "ቀጥዪ፤ በርዶኛል" አለችኝ።

ይቅር ተባባልን ወይ ብትሉኝ፣ ያን ቃል ሁለታችንም አልተናገርነውም። በኅዳር መጀመሪያ፣ ማለዳ ስታርፍ፣ ከጥሩምባው በፊት፣ የቤቷን በር ከፍቼ የወጣሁት እኔ ነበርኩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ፣ በጥር ወር፣ ወደ ጫንጮ መንገድ ካለ መንደር መልእክት መጣልኝ። አደ ዲንቂቱ የሚባሉ አሮጊት ተኝተዋል፤ ሎሚ ከቀረች ወዲህ ማንንም አያስነኩም፤ "ያቺ የሎሚ ጓደኛ ትምጣ" ብለዋል። የሎሚ ጓደኛ መባሌ ደስ አለኝ፤ በራሴ ስም አለመጠራቴም ቆረቆረኝ። ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጬ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና ያለችኝን ኦሮምኛ ሁሉ አወጣሁ። አሮጊቷ ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። "የቀበሌ ጸሐፊ ነው የምትመስለው" አሉ ለምራታቸው። አስነኩኝ።

በሦስተኛው ቀን ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ምራታቸው ነበረች፤ ሃዊ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው።

"ከትናንት ጀምሮ በሩን እያዩ ነው" አለችኝ። ድምጿ ደረቅ ነው።

ስለ ደስታዬ አልዋሽም። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። አንድ ሰው እኔን እየጠበቀ ነበር፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከትናንት ጀምሮ። ገባሁ፤ ተቀመጥኩ፤ አሮጊቷ እጄን ያዙኝ። ሃዊ ፎጣ በክንዷ አድርጋ በሩ መቃን ላይ ተደገፈች። አገጯን ትንሽ ከፍ አድርጋለች፤ ፎጣውን ያለ ምክንያት አጥፋ ትዘረጋዋለች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። አንሶላ ይዤ ስቆም መስታወት ቢኖር ኖሮ ያንኑ ነበር የማየው።

ውሃው ሞቅ ብሎ ቀርቧል። እጄ ሥራውን ለሷ መስጠት አልፈለገም። ነገ ይሆናል፣ ዛሬ ልጠባቸውና በሚቀጥለው አሳያታለሁ አልኩ ለራሴ፤ ሎሚም እንደዚሁ እያለች ይሆናል ስምንት ወር የሞላት።

"ኮቱ" አልኳት።

ሃዊ አልተንቀሳቀሰችም። በአማርኛ መለሰችልኝ። "እኔ ስነካቸው ይጮሁብኛል።"

"እጅሽ ይቸኩላል። የኔም ይቸኩል ነበር። ነይ እዚህ።"

ከአልጋው ጠርዝ ተነሳሁና ቦታውን ለቀቅሁላት። አሮጊቷ "ወዴት ነው?" ብለው ተቆጡ፤ እጃቸው ቀሚሴን እንደያዘ ነበር፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቅቄ የምራታቸው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሃዊ ፎጣውን ነከረች። እኔ ሳደርግ እንዳየችው፣ ከየት እንደምትጀምር አማትዋን ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው አኩርፈው ፊታቸውን አዞሩባት፤ እሷ ጠበቀች፤ በመጨረሻ ቀኝ እጃቸውን ትንሽ አነሱላት።

እኔ ወደ በሩ ሄጄ መቃኑን ተደግፌ ቆምኩ። ቀናሁ። ተመልሼ ግን አልተቀመጥኩም።